የመጨረሻው ተቀናሽ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ውጭው በረዶ ነው፣ ሻዬም እየቀዘቀዘ ነው፤ ስለዚህ በቀጥታ ልግባ።

አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት ውስጥ ያለችው ሴንት ፖል ከመጣሁ ጀምሮ የበረዶ ላይ ሆኪ ሕግ በቅጡ አልገባኝም። እውነቴን ነው፣ በኳስ ፈንታ የሚመቷት ያቺ ጥቁር ፓክ ግብ መግባቷን የማውቀው ሰው ሲጮህ ነው። መሃል ከተማ ያለውን የሆኪ አሰልጣኙን የኸርብ ብሩክስን ሐውልት ግን ባለፍኩ ቁጥር ዞር ብዬ አየዋለሁ።

ሰውዬው የዚሁ ከተማ ልጅ ነው። በ1937 ተወለደ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምነግራችሁ)፣ ለሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ፣ ከዚያ ለ1960ው የአሜሪካ የክረምት ኦሎምፒክ ቡድን ታጨ። ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው ተቀነሰ። የመጨረሻው ተቀናሽ እሱ ነበር። የቡድኑ ፎቶ አስቀድሞ ተነስቶ ስለነበር፣ የተተኪው ፊት በሱ አንገት ላይ ተለጠፈ። እስቲ አስቡት፤ ትከሻው ያንተ፣ ፊቱ የሌላ ሰው!

ቡድኑ ወርቅ ወሰደ። ብሩክስ ጨዋታውን ያየው ቤት ከአባቱ ጋር ተቀምጦ ነው። አባቱ ታዲያ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? አሰልጣኙ መቀነስ ያለበትን ሰው ነው የቀነሰው። ኧረ አባት!

እኔም ልጅ ሆኜ የትምህርት ቤታችን ኳስ ቡድን ዝርዝር ሲለጠፍ ስሜን ሦስቴ ፈልጌ አጥቻለሁ። አራተኛ የፈለግኩት ሰው ስላየኝ ነው፤ የጓደኛዬን ስም የምፈልግ ለመምሰል።

ብሩክስ በ1964 እና በ1968 ኦሎምፒክ ተጫወተ። አሰልጣኝ ሆኖ የድሮ ዩኒቨርሲቲውን ሦስት ጊዜ የኮሌጆች ሻምፒዮን አደረገ፤ በ1974፣ በ1976 እና በ1979። በ1980 ደግሞ አብዛኞቹ የኮሌጅ ልጆች የሆኑበትን የአሜሪካ ቡድን ይዞ በሌክ ፕላሲዱ የክረምት ኦሎምፒክ ሶቪየት ኅብረትን 4 ለ 3 አሸነፈ። ይሄን ሁሉም ያወራዋል። እኔን የያዘኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ቡድኑ የሚይዘው 20 ሰው ነው፤ አንድ ሰው መውጣት ነበረበት። ራልፍ ኮክስ የሚባል ግብ አግቢ ወጣ። ያንን የወሰነው ብሩክስ ነው።

ሃያ ዓመት ያንን ነገር በሆዱ ይዞ የኖረ ሰው፣ በተራው ሌላውን ልጅ ሲቀንስ ምን ብሎ ይጀምራል? ቁጭ በል ይለዋል? ወይስ ቆመው ነው?

ሶቪየቶችን ያሸነፉ ለት፣ ልጆቹ በረዶው ላይ ሲተቃቀፉ እሱ ብቻውን ወደ ውስጥ ገባ።

ሻዬ በረዶ ሆኗል። በሉ፣ ሰላም ሁኑ።