ነቅቻለሁ፣ መልሱ መንገድ ላይ ነው
እንደምን አደራችሁ ጎረቤቶቼ። የየካ አባዶን የጠዋት ብርድ ችላችሁ እዚህ ኮሚናል ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የጠዋት ስፖርት ቡድናችን «ስለ ሕመምሽ ትንሽ ንገሪን» ስላለኝ ነው የቆምኩት። ከወረቀት ነው የማነበው። ለምን እንደሆነ አሁን ይገባችኋል።

መልቲፕል ስክሌሮሲስ አለብኝ፤ ባጭሩ ኤም ኤስ። የሰውነት መከላከያ ዞሮ የገዛ አንጎሉንና የኅብለ ሰረሰሩን ነርቭ ሽፋን ያጠቃል። ሽፋኑ የተላጠ ሽቦ መብራት ምን እንደሚያደርግ ለዚህ ግቢ ነዋሪ አላስረዳም። ደግሞ አይተላለፍም፤ ቡናውን አብረን እንጠጣ።

እግሬን ታያላችሁ፣ ጭንቅላቴን ግን አታዩትም። ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ መቶ ብር ሰጠሁ። «የስንት ሰው ነው?» አለኝ ረዳቱ። ብቻዬን ነበርኩ። ግን ሬዲዮው ይጮሃል፣ ከኋላ «ወራጅ አለ!» ይባላል፣ እሱ ብሮቹን በጣቶቹ መሃል ሰክቶ ያየኛል። መልሱን አውቀዋለሁ፤ አፌ ላይ እስኪደርስ ሦስት ሰው ወረደ። «እናቴ፣ ተኝተሻል እንዴ?» አለኝ። ነቅቼ ነበር። መልሱ መንገድ ላይ ነበር።

ብቻዬን አይደለሁም። በጥናቶች መሠረት ከ40 እስከ 65 በመቶ የሚሆኑ ታማሚዎች እንዲህ ያለ ችግር ያገኛቸዋል። በብዛት የሚጎዳው የአንጎል ፍጥነትና ትውስታ ነው።

ስታመም ሁሉም ሰው «አትድከሚ» አለኝ። እናቴ ውሃ እንኳ አላስቀዳችኝም። አልፈርድባትም፤ ሐኪሞችም ለብዙ ዓመታት እንደዚያው ይመክሩ ነበር። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ዊልሄልም ኡትሆፍ በ1890 እ.ኤ.አ. ታማሚዎች ሰውነታቸውን ሲያደክሙ ዓይናቸው እንደሚደበዝዝ ጽፎ ነበር። ሰውነት ሲሞቅ የተላጠው ነርቭ ይበልጥ ይዘገያል። ሲቀዘቅዝ ግን ይመለሳል፤ በሽታው አልባሰም ማለት ነው። ይህ እስኪገባን ስንቱ ሰው አልጋ ላይ ቀረ! በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት 54 ታማሚዎችን ለሁለት ከፈለ። ለ15 ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ቀን 40 ደቂቃ ስፖርት የሠሩት አቅማቸው ጨመረ።

ጭንቅላትስ? እዚህ ላይ አልዋሻችሁም። በ2023 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣ ጥናት በሽታው እየገፋ የሄደባቸውን 311 ሰዎች በስድስት አገሮች ለ12 ሳምንት አሠራ። የአንጎል ልምምድና ኤሮቢክስ አንድ ላይ መሥራት የአንጎልን ፍጥነት ከሌሎቹ ቡድኖች የተሻለ አላደረገም። ሳነበው ተበሳጨሁ፣ ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም። ከዚያ ወጣሁ። በእግሬ በሄድኩበት ቀን ሌሊቱን እተኛለሁ፤ ተኝቼ ባደርኩበት ቀን ደግሞ ለረዳቱ ቶሎ እመልሳለሁ። ይህ የኔ ነገር ነው፣ ጥናት አትበሉት።

እንግዲህ ልመናዬን ልንገራችሁ። ዳገቱ ላይ ወደኋላ ስቀር ተመልሳችሁ እጄን አትያዙ። አሰልጣኛችን «ቀኝ፣ ሁለት እርምጃ፣ ዙሩ» ሲል እኔ ገና «ቀኝ» ላይ ነኝ፤ አንድ በአንድ በልልኝ ጋሼ። አንድ ነገር ስትጠይቁኝም መልሱን እስካመጣው ጠብቁኝ።

ነገ 12 ሰዓት በሩ ላይ ነኝ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ጃኬት ልበሱ። እኔ ዙሩን ሳንጨርስ የኔን አወልቃለሁ። እባካችሁ እትዬዎች፣ «ይበርዳታል» ብላችሁ መልሳችሁ አታልብሱኝ።