5 ኪሎ ለመያዝ 35 ኪሎ መጎተት፦ በክንዳችን ውስጥ ያለው መፈንቅል

(ምስል፦ ውሃ የተሞላ ጀሪካን የያዘ እጅ፣ ከጎን ሲታይ)

ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሙሉና ክርናችሁን ከጎናችሁ ሳታርቁ አጥፋችሁ ያዙት። አሁን በሌላኛው እጃችሁ የክርናችሁን መታጠፊያ ከውስጥ በኩል ዳብሱ። እንደ ገመድ የተወጠረ ጅማት ታገኛላችሁ። ጀሪካኑ 5 ኪሎ ነው፤ ያ ጅማት የሚጎትተው ግን 35 ኪሎ ለማንሳት በሚበቃ ኃይል ነው።

ምክንያቱ ቦታው ነው። ጅማቱ አጥንቱን የሚይዘው ከክርን መገጣጠሚያ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ራቅ ብሎ ነው። ጀሪካኑ ያለው ደግሞ 35 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ላይ። ሰባት እጥፍ ስለሚርቅ ሰባት እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል። የክንዳችሁን የራሱን ክብደት ገና አልቆጠርንም።

(ምስል፦ ዲጅኖ፣ ትልቅ ድንጋይ፣ ከሥር የተደገፈ ትንሽ ድንጋይ)

ይህ አሠራር መፈንቅል ይባላል። ቃሉን ብዙዎቻችን የሰማነው "መፈንቅለ መንግሥት" ሲባል ነው፤ ሥሩ ግን ድንጋይ መፈንቀል ነው። ዲጅኖውን ከድንጋዩ ሥር ታስገባላችሁ፣ ትንሽ ድንጋይ ትደግፉለታላችሁ፣ ከዚያ ጫፉን ትጫናላችሁ። መደገፊያ፣ ሸክም፣ የሚጫን እጅ፤ ሌላ ነገር የለውም። በአንዱ ወገን ያለው ኃይል ከመደገፊያው ባለው ርቀት ሲባዛ በሌላው ወገን ካለው ጋር እኩል ከሆነ ሚዛኑ ይጠበቃል።

ጎሚስታ ቤት ቆማችሁ ተመልከቱ። የዛገ የጎማ ብሎን አልፈታ ሲል ልጁ ብረት ቱቦ ያመጣና በመፍቻው እጀታ ላይ ይሰካዋል። 30 ሴንቲ ሜትር የነበረው እጀታ 90 ሆነ እንበል። ያው ልጅ፣ ያው ክንድ፣ ሦስት እጥፍ ጉልበት። ብሎኑ "ቋ!" ብሎ ይለቃል። ነገር ግን እጁን ተከታተሉት፤ ብሎኑን ያንኑ ያህል ለማዞር እጁ ሦስት እጥፍ መንገድ ይሄዳል። በጉልበት ያተረፈውን በመንገድ ይከፍለዋል።

ክንዳችን ይህንኑ ውል ገልብጦ ነው የሚሠራው። ጡንቻው 1 ሴንቲ ሜትር ሲኮማተር እጃችን 7 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። ድንጋይ ስንወረውር፣ ጉርሻ ወደ አፍ ስናደርስ፣ የሚወድቅ ብርጭቆ ስንቀልብ የሚያስፈልገን ፍጥነት ነው፤ እሱን የምናገኘው በጉልበት ከስረን ነው። የጎደለንን ጉልበት ዲጅኖና መፍቻ ያሟሉልናል። ለእኔ የዚህ ርዕስ ውበት እዚህ ላይ ነው።

(ምስል፦ መቀስ፣ ወፍራም ጨርቅ)

ወፍራም ጨርቅ በመቀስ ጫፍ ሲያስቸግረን፣ ማንም ሳያስተምረን ወደ መጋጠሚያው እናስጠጋዋለን። ጠንካራ ቆሎም በፊት ጥርስ አይሰበርም፤ ምላሳችን ወደ መንጋጋ ይገፋዋል። መንጋጋ ጥርስ ለመንጋጭላ መጋጠሚያና ለሚያኝከው ጡንቻ ቅርብ ነው። ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ሲጥለንም ጭንቅላታችን ወደ ፊት የሚወድቀው፣ አንገታችን ላይ ካረፈበት ነጥብ ይልቅ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያደላ ነው። ነቅተን ሳለን የአንገት ጡንቻዎች ከኋላ ይይዙታል።

አሁን ወደ ወገብ እንምጣ፤ እዚህ ላይ እባካችሁ ልብ በሉ።

(ምስል፦ ጎንበስ ብሎ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚያነሳ ሰው)

ወገባችንን ቀጥ አድርገው የሚይዙት ጡንቻዎች ከአከርካሪው መሐል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከኋላ ናቸው። ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን እጃችሁን ዘርግታችሁ፣ ከአከርካሪያችሁ 40 ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ ብታነሱት፣ ለጀሪካኑ ብቻ ጡንቻው 160 ኪሎ የሚያህል ይጎትታል። ያጎነበሰው የራሳችሁ ደረትና ጭንቅላት ተጨማሪ ነው። ጀሪካኑን ወደ ሆዳችሁ ስባችሁ ርቀቱን 20 ብታደርሱት 160ው ወደ 80 ይወርዳል። ውሃው አልቀነሰም።

እናቶቻችን እንስራን ጀርባቸው ላይ አስጠግተው በገመድ የሚያስሩት ለዚሁ ነው፤ ወደ ፊት ጎንበስ ሲሉ ሸክሙ ከእግራቸው በላይ ያርፋል። ያም ሆኖ የውሃው ክብደት በየቀኑ አከርካሪያቸውን ይጫናል፤ እሱን አስጠግቶ መያዝ አያስቀረውም።

(ምስል፦ ያው ጀሪካን መሬት ላይ)

ጀሪካኑን መልሳችሁ ስታነሱ መጀመሪያ በሁለት እግራችሁ መሐል አስገቡት፣ ጉልበታችሁን እጠፉ፣ ከዚያ ወደ ራሳችሁ ሳቡት።