መስመሩ ተቋርጦብናል

እሺ… ይሰማል? ይሰማል። እንደምን አመሻችሁ። ያው ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነኝ፣ ጋቢዬን ተከናንቤአለሁ፣ ማዘር ተኝታለች፣ ውሻው… ውሻውን ተዉት። «ውሻው ካንቺ የተሻለ ሐሳብ አለው» ብላ የጻፈችልኝ ልጅ፣ አይቼዋለሁ። ተስማምቻለሁ።

ዛሬ የምጣዱን ታሪክ ልጨርስላችሁ ቃል ገብቼ ነበር። አልረሳሁትም። ግን ሐሙስ ለት ለቅሶ ቤት ባለ ጓንቲውን አገኘሁት፣ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር… በቃ ምጣዱ ይቆይ።

ባለ ጓንቲውን ታውቁታላችሁ። ራዲዮ ጣቢያ ሳለሁ፣ በማታው ፕሮግራማችን ጊዜ ኮንትሮል ሩም የነበረው፣ ኤሲው ሲበርደው ጣት ጣቱ የተቆረጠ የሱፍ ጓንቲ የሚያጠልቀው ሰውዬ። ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ ንፍሮ ተሰጠን፣ «ፖድካስት ጀመርሽ አሉ» አለኝ፣ «ጀመርኩ» አልኩት። ከዚያ… ቆይ፣ ከኋላ ልጀምር። እንዲህ አይሆንም።

ያቺን ማታ አንድ ሁለቴ ነካ አድርጌአት አልፌአለሁ መሰለኝ። ሙሉውን ግን ነግሬአችሁ አላውቅም።

መጋቢት 2016 ነው። ፕሮግራማችን ከምሽቱ 4 እስከ 6። ከተማው ሲተኛ የቀሩት ሰዎች ናቸው አድማጮቻችን፤ ዘበኛ፣ ነርስ፣ የላዳ ሹፌር፣ ጡት የምታጠባ፣ እንቅልፍ የከዳው። መጀመሪያ የሰሞኑን ጉዳይ እናነሳለን፣ ከዚያ ወደ ባህል እናልፋለን፣ ስልክ እንከፍታለን። ያን ሰሞን ደግሞ የሰሞኑ ጉዳይ የሚታወቅ ነው። ፒያሳ። ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሰፈር እየፈረሰ ነበር።

ስለሱ አታውሩ አልተባልንም። ይሄን ልብ በሉልኝ። ማንም ምንም አላለንም። ግድግዳው ላይ 1185 ተለጥፋ ነበር፣ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጇ፣ የ2012ቷ፣ ፎቶ ኮፒዋ፣ ከምሳ ቤቱ ስልክ ቁጥር አጠገብ። ከሁለቱ ደጋግመን ያነበብነው የምሳ ቤቱን ነው። ርዕሱን የመረጥኩት እኔ ራሴ ነኝ፦ «ዕድር ድሮና ዘንድሮ»።

ምክር ልስጣችሁ? ራዲዮ ላይ «ድሮና ዘንድሮ» የሚል ርዕስ ከሰማችሁ አዘጋጇ ፈርታለች ማለት ነው። «ሠርግ ድሮና ዘንድሮ።» «ፍቅር ድሮና ዘንድሮ።» መሃል ላይ ያለውን፣ ዛሬን፣ ላለመንካት። እኔ እንደዚያ አስቤ ነው እንዴ? አይ… ትንሽ አስቤ ይሆናል። ሰፈር ሲበተን ዕድሩ ምን ይሆናል የሚለውን በጎን በር ላስገባው ፈልጌም ይሆናል። አሁን ሳወራ ብልጥነት ነበር ማለት ያምረኛል። እንጃ።

ደወሉ። አንዱ በለቅሶ ቤት የሚበላው በዛ አለ። አንዷ ከቤሩት ደወለች፣ እዚያ ያሉት ሴቶች ሬሳ ለመላክ እንዴት እንደሚያዋጡ ነገረችን፣ እሱ ራሱ አንድ ሙሉ ፕሮግራም ነበር፣ አቻኮልኳት። ከዚያ 5 ከሩብ ሆነ።

5 ከሩብ ላይ ማን እንደሚደውል ታውቃላችሁ።

«ጤና ይስጥልኝ የኔ ልጅ።»

«አብሮ ይስጥልን አባባ። ራዲዮዎን ቀነስ ያድርጉልን።»

«ቀንሻለሁ።»

(ሳቅ) አልቀነሱም። በሁለት ዓመት አንድም ቀን ቀንሰው አያውቁም። የራሴ ድምፅ በሳቸው ስልክ ዞሮ ይመጣብኛል።

«ስለ ዕድር ነው አይደል? የኛ ዕድር ንብረት ክፍል እኔ ነኝ» አሉ። «ድንኳኑ እኔ ጋ ነው። የምጠብቅበት ግቢ፣ አሠሪዎቼን ለምኜ አስቀምጬዋለሁ። ወንበሩም አለ። ብረት ድስቱም አለ። ሰዉ ነው የሌለው።»

ሳቅኩ። ቀልድ ነው ብዬ ነው የሳቅኩት። ቅጂውን ብትሰሙት… አትሰሙትም፣ የለኝም። ግን ሳቅኩ።

«እንዴት አባባ?»

«ግማሹ በአንድ በኩል ሄደ፣ ግማሹ በሌላ በኩል። ጡሩምባ ቢነፋ አይደርስም። እና የኔ ልጅ ልጠይቅሽ የፈለግኩት… አሁን እኔ እንኳ…»

እዚህ ላይ ነው።

ቀና ስል ባለ ጓንቲው በመስታወቱ በኩል ጣቱን እያዞረ ነው። እንዲህ። አታዩኝም ለካ። አመልካች ጣቱን ቀስሮ፣ በአየር ላይ ክብ፣ ክብ፣ ክብ። ጓንቲው ግራጫ ነው፣ መብራቱ ደብዛዛ ነው። የስልኩ ፌደር፣ የደዋዩን ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ተንሸራታች፣ በኔ በኩል ነው። ዲሌይ የሚባለው ነገር፣ አንድ ሰው የተናገረውን ጥቂት ሰከንድ አዘግይቶ የሚያስተላልፈው መሣሪያ፣ ትልልቆቹ ጋ ያለው፣ እኛ ጋ አልነበረም። ያለን ጣት ነው።

ወደ ታች አወረድኩት።

«አባባ?» አልኩ። እኔው አውርጄ እኔው ጠራኋቸው። «አባባ? …ይቅርታ አድማጮቻችን፣ መስመሩ ተቋርጦብናል። አባባ፣ ደግመው ይሞክሩልን።»

ድምፄን እኮ አስታውሰዋለሁ። አዝኗል። የምር ያዘነ ሰው ድምፅ ነው። ውሸት ስዋሽ እንዲህ እንደሚያምርብኝ አላውቅም ነበር። ከዚያ ማስታወቂያ ገባ፣ የቀለም ፋብሪካ።

እና በማግስቱ፣ 5 ከሩብ፣ እሳቸው ናቸው።

«የኔ ልጅ ይቅርታ፣ ትናንት ካርዴ አልቆብኝ ነው። መሃል ላይ ተውኩሽ። አሳፈርኩሽ። ዛሬ የ25 ሞልቻለሁ።»

…

የ25።

እና እኔ ምን አልኩ? «ምንም አይደል አባባ፣ ያጋጥማል» አልኩ። ይቅር አልኳቸው! (ሳቅ) አየር ላይ፣ ሰው እየሰማ፣ ይቅርታ አደረግኩላቸው። «የትናንቱን ጥያቄ ይጨርሱልን» ማለት ይቻል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አላልኩም። እሳቸውም አላነሱትም፤ ለሌሊት ጥበቃዎች በሙሉ ዘፈን ጋበዙና ዘጉ። ከዚያ በኋላ ለትንሽ ጊዜ ደወሉ፣ ከዚያ ቀሩ፣ ከዚያ እኔም ለቀቅኩ። አሁን እኔ እንኳ… ምን? አሁን እኔ እንኳ ብሞት? አሁን እኔ እንኳ ልሄድ ነው? አሁን እኔ እንኳ ደመወዜ አልደረሰም? ዓረፍተ ነገሩ ምንም ሊሆን ይችላል።

አባዬን ታስታውሳላችሁ፣ በፍሪጁ ላይ ያለውን ራዲዮ ማንም እንዳይነካ ያደረገውን። መጀመሪያ ጀርመን ድምፅ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ አሜሪካ ድምፅ። ልጅ ሆኜ እነዚህ ሁለቱ ጸሎት ነበር የሚመስሉኝ፣ በመሃል አይወራም። በ2002 አሜሪካ ድምፅ ላይ ያ ጩኸት መጣ። ቅቤ ሲነጠር እንደሚለው ዓይነት፣ ጭርርርር። መጋቢት ላይ አቶ መለስ ራሳቸው ጋዜጠኞች ፊት ለማፈን ሙከራ እየተደረገ መሆኑን ተናገሩ። አባዬ ግን ከጩኸቱ ሥር ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጥ ነበር። ቃል በቃል። ሁለት ቃል ከሰማ ሦስተኛውን ራሱ ይሞላዋል፣ ጠዋት ደግሞ ለጎረቤት ሙሉ ዜና አድርጎ ያወራዋል። (ሳቅ) ግማሹ የሱ ፈጠራ ነው። ማዘር እስከ ዛሬ «ያንተ አባት ዜና» ትለዋለች ለወንድሜ።

ምን ልል ነበር? አዎ። ጩኸቱ ቢያንስ ሐቀኛ ነበር። አባዬ እንደታፈነበት ያውቃል፣ ስለዚህ ይሳደባል፣ ገመዱን ከመስኮቱ ወደ ቆርቆሮው ያዞራል፣ ይታገላል። በመጋቢት 2017 የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች ከሞላ ጎደል ሁሉም ሥራ እንዲያቆሙ ሲደረግና ስርጭቱ ሲቋረጥም፣ ያኔም ቢሆን ማን እንዳቆመው ሰው ያውቃል። እኔ ያደረግኩት ግን ጩኸት የለውም። ሰውዬው ጥፋቱ የራሳቸው መሰላቸው። ሄደው ካርድ ገዙ።

እሺ፣ ወሬው ከበደ። ቡና ፉት ልበል። አዎ ይሰማችኋል፣ አውቃለሁ፣ «አትሳቢው» ብላችኋል፣ ትኩስ ነው ምን ላድርግ።

ሸገር 102.1 በ2000 ሲጀምር ተማሪ ነበርኩ፣ ወደዚህ ሥራ የጎተተችኝ መዓዛ ብሩ ናት። የጨዋታ እንግዳን የምትሰሙ ታውቁታላችሁ፣ አንድ ሰው ይዛ ሳምንታት ትቆያለች። ጥያቄዋ ነው ጎበዝ የሚያደርጋት ይላሉ። እኔ ዝምታዋ ነው ባይ ነኝ። ሰውዬው ይተነፍሳል፣ ያስባል፣ እሷ የለችም እስክትሉ ድረስ ትጠብቀዋለች። ያን ሰምቼ አድጌ፣ አምስት ሰከንድ… አምስትም አይሞላም።

ሐሙስ ለት እንግዲህ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ንፍሮውን እያሸሁ፣ ባለ ጓንቲውን ጠየቅኩት። ለሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ ያልጠየቅኩትን። «ያን ለት፣ ንብረት ክፍሉ ሰውዬ ሲያወሩ፣ በጣትህ ቁረጪ ብለኸኝ የለ?»

አየኝ። ጓንቲ የለውም፣ ጣቱን ባዶውን ሳየው ደነገጥኩ መሰለኝ። እንዲህ አድርጎ አዞረው፣ ክብ፣ ክብ።

«ይሄ?» አለ። «ቀጥይ እኮ ነው ያልኩሽ።»

…

ቀጥይ።

አሁን እንግዲህ አስቡት። እውነቱን ነው? ወይስ ለቅሶ ቤት ስለሆንን ራሱን ንጹሕ እያደረገ ነው? ሰው የራሱን ታሪክ ያስተካክላል፣ እኔ አሁን እያስተካከልኩ እንዳይሆን ማን ያውቃል። ደግሞ ሌሎች ጣቢያዎች ያቺን ምልክት «ጠቅልይ» ለማለት ነው የሚጠቀሙባት፣ ስለዚህ የኔ ጥፋት… አይ። ተዉት። እሱ ቁረጪ ብሎኝም ቢሆን ያው ነው። ያው ነው? እኔ ለማየት የፈለግኩትን ነው ያየሁት። ምናልባት። ምልክቱን ባላየውም ጣቴ ፌደሩ ላይ ነበረ፣ «ሰዉ ነው የሌለው» ካሉበት ጊዜ ጀምሮ እዚያው ነበረ። ይሄን አሁን ነው ያስታወስኩት። ወይም አሁን ነው የፈጠርኩት። የአባዬ ልጅ ነኝ።

ቁጥራቸው የለሽም ወይ ትሉኛላችሁ። ደዋዮችን የምጽፍበት ደብተር አለ። እዚሁ ነው፣ ከጫማዎቹ ሥር፣ እግሬ ነክቶታል። ቆይ። …(የወረቀት ድምፅ) «5:15 አባባ።» «5:15 አባባ።» «5:15 አባባ፣ ራዲዮ!!» (ሳቅ) ስልክ ቁጥሩ… አንድ ቦታ ጽፌዋለሁ፣ የመጨረሻዋ ቁጥር ግን 1 ትሁን 7 አይገባኝም። የኔ እጅ ጽሑፍ።

ስንት ሰዓት ነው አሁን? …5 አልፏል። ሁለቱንም መሞከር ይቻላል እኮ። ደውዬስ ምን እላለሁ? «አባባ፣ ካርድዎ አልነበረም ያለቀው»? ከተኙስ? ወይም ሌላ ሰው ቢያነሳውና «እሳቸው እኮ» ብሎ ቢጀምር…

ቆይ፣ ማዘር ናት መሰለኝ።

አቤት? …ኧረ ተኚ ማዘር፣ ከማንም ጋር አይደለም የማወራው።