ፊርማ የሌለው ተቃውሞ

ሰላም አድማጮቼ። ዛሬስ ስለ ፍሎሪዳ አላወራም ብዬ በምሳ የተወራረድኩትን ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ስለተሸነፍኩ በእሱ ጊዜ አናባክን፤ አዎን፣ ዛሬም ያው ፍሎሪዳ፣ ያው እ.ኤ.አ. የ2000ው የፕሬዚዳንት ምርጫ ነው። ለነገሩ ሙሉ በሙሉ ፍሎሪዳ አይደለም። ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ጉዳይ የተፈጸመው እዚሁ ዋሽንግተን፣ በኮንግረስ ሕንፃ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 2001 ነው። ቅዳሜ ነበር፤ በእኛ ቤት የገና ዋዜማ፣ ሽንኩርት የሚቁላላበት ቀን። አሜሪካውያን ይህን ቀን ከ20 ዓመት በኋላ በሌላ ምክንያት እስኪያውቁት ድረስ ጃንዋሪ 6 ለእኛ ለሐበሾቹ ከገና ዋዜማነት ያለፈ ነገር አልነበረም።

ቀረጻውን ብዙዎቻችሁ እንዳያችሁት እገምታለሁ። አል ጎር ከፍ ባለው መንበር ላይ ናቸው። ሕገ መንግሥቱ ምክትል ፕሬዚዳንቱን የሴኔቱ ሰብሳቢ ስለሚያደርገው፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው የየክፍለ ግዛቱን የወኪል መራጮች ድምፅ (ፕሬዚዳንቱን የሚለየው የሕዝቡ ጠቅላላ ድምር ሳይሆን ይህ ነው) ሲቆጥሩ የሚመሩት እርሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ ያን ያህል የለፉበትን የምርጫ ዘመቻ ሽንፈት በገዛ አንደበታቸው ማወጅ ዕጣቸው ሆኗል። በመላ አገሪቱ ከጆርጅ ቡሽ በግማሽ ሚሊዮን የሚበልጥ ድምፅ አግኝተዋል፤ ፍሎሪዳን ግን፣ ከእሷም ጋር ፕሬዚዳንትነቱን፣ በ537 ድምፅ አጥተዋል፤ ድጋሚ ቆጠራውንም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ውሳኔ አስቁሞታል። የፍሎሪዳ ተራ ሲደርስ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት፣ አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን፣ አንድ በአንድ እየተነሡ ይቃወማሉ። እነዚህ የጎር የራሳቸው ሰዎች ናቸው፤ ድምፃችን ሳይቆጠር ቀረ የሚሉ መራጮችን ይዘው የመጡ። ሕጉ አንድ የተወካዮች ምክር ቤት አባልና አንድ ሴናተር ያልፈረሙበትን ተቃውሞ ለክርክር አይቀበልምና፣ ጎር ለእያንዳንዳቸው ያንኑ ጥያቄ ያቀርባሉ፦ ተቃውሞው በጽሑፍ ነው ወይ? የአንድ ሴናተር ፊርማስ አለበት ወይ? መልሱም ያው ነው። ሴናተር የለም። ሰውየው ይቀመጣል፤ ሌላው ይነሣል።

ከተወካዮቹ አንዷ ማክሲን ዋተርስ ተነሥተው ተቃውሞአቸው በጽሑፍ መሆኑን፣ የሴናተር ፊርማ ባይኖርበትም እርሳቸው ግድ እንደሌላቸው ተናገሩ። ጎርም ደንቡ ግን ግድ እንዳለው መለሱላቸው። አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበም። ይህችን ቦታ ወደ ኋላ እየመለስኩ ደጋግሜ አየኋት፤ ማን ለማን እንደሚያጨበጭብ ለመለየት ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ጨዋታ አዋቂ መልስ መሆኑን አልክድም፤ እኔም መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ ስቄአለሁ። ሌላው ተወካይ ጄሲ ጃክሰን ጁኒየር ተነሥተው ተቃውሟችንን የሚፈርምልን ሴናተር ማጣታችን ለአሜሪካ አሳዛኝ ቀን ነው ሲሉ ግን የሚያስቅ ነገር አይገኝበትም። መቶ ሴናተሮች ነበሩ። አንድ እጅ አልተነሣም።

የአሜሪካ የምርጫ ዘመቻ የመጨረሻው ሥርዓት የተሸናፊው ንግግር ነው፤ አንድም ሕግ ግን አያዝዘውም። እ.ኤ.አ. በ1896 ተሸናፊው ዕጩ ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን ላሸነፏቸው ለማኪንሊ የደስታ መግለጫ ቴሌግራም ላኩ፣ ጉዳዩን ለሕዝብ አቅርበናል፣ ፈቃዱም ሕግ ነው ብለው፤ ልማዱ ከዚያ ወዲህ እየጸና ሄደ፤ ቴሌግራሙ ሬዲዮ ሆነ፣ ሬዲዮውም ቴሌቪዥን። ጎር ደግሞ በዚያ በምርጫው የኖቬምበር ሌሊት ለቡሽ ደውለው ሽንፈታቸውን ከተቀበሉ በኋላ፣ ናሽቪል ላይ በዝናብ ወደሚጠብቃቸው ሕዝብ ሲያመሩ የፍሎሪዳ ልዩነት እየጠበበ መሆኑ ተነገራቸው፤ እንደገና ደውለው የተናገሩትን አነሡት። ቡሽ፣ የፍሎሪዳው አገረ ገዢ ወንድማቸው ውጤቱን እንዳረጋገጡላቸው ሲነግሯቸው፣ ጎር ታናሽ ወንድምዎ የዚህ ጉዳይ የመጨረሻ ዳኛ አይደሉም አሉ ይባላል። ከአንድ ወር በላይ ቆይተው፣ ዲሴምበር 13 ቀን፣ ሽንፈታቸውን በቴሌቪዥን ሲቀበሉ፣ ለቡሽ ደውዬ በዚህኛው ጊዜ መልሼ እንደማልደውል ቃል ገብቼላቸዋለሁ ብለው ቀለዱ። እንዴት ያለ ትከሻ ቢኖራቸው ነው! ይህን ሰው እወደዋለሁ፤ ችግሬም እሱ ይመስለኛል።

ምክንያቱም የባርባራ ቦክሰር ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2005፣ ቡሽ የዴሞክራቱን ዕጩ ጆን ኬሪን ባሸነፉበት ምርጫ የኦሃዮ ውጤት ሲቀርብ፣ የካሊፎርኒያዋ ሴናተር ቦክሰር ከተወካዮች ምክር ቤት አባሏ ከስቴፋኒ ተብስ ጆንስ ጋር ተቃውሞውን ፈረሙ። ሲያስረዱም፣ ከአራት ዓመት በፊት ያልፈረሙት ጎር ራሳቸው እንዳያደርጉት ስለጠየቋቸው መሆኑን፣ መለስ ብለው ሲያዩት ግን በፈረምኩ ኖሮ እንደሚሉ ተናገሩ። እንግዲህ ይህ እውነት ከሆነ፣ ጎር መንበሩ ላይ ሆነው የሴናተር ፊርማ አለበት ወይ እያሉ ለእያንዳንዱ ሰው ያቀረቡት ጥያቄ መልሱን አስቀድመው የሚያውቁት፣ እንዲያውም እርሳቸው ያሰናዱት ጥያቄ ነበር ማለት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ለዋተርስ በተሰጠው መልስ የተነሣው ያ ሳቅ በጆሮዬ ሌላ ድምፅ አለው። ምናልባት አበዛሁት። ሰውየው አገር እንዳይከፈል ብለው የከፈሉት ዋጋ ነው የሚሉኝ አሉ፤ ይሁን እላለሁ፣ ወዲያው ደግሞ ዋጋውን የከፈሉት እርሳቸው ብቻ ናቸው ወይ የሚለው ይመጣብኛል።

ፊርማ ቢኖርስ ምን ይሆን ነበር? ውጤቱ አይለወጥም ነበር። በ1887ቱ ሕግ መሠረት ሁለቱ ምክር ቤቶች ተለያይተው ቢበዛ ሁለት ሰዓት ይከራከራሉ፣ ከዚያም ድምፅ ይሰጣሉ፤ ድምፁን ለመሰረዝ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል፤ የተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ በቡሽ ፓርቲ፣ በሪፐብሊካኖች እጅ ነበር። በ2005ቱም ሴኔቱ ተቃውሞውን 74 ለ 1 ጣለው። እነዚያ ሰዎች የተነፈጉት ሁለት ሰዓት ነው፤ እያንዳንዱ ተናጋሪ አምስት ደቂቃ፣ በመዝገብ ላይ።

ነገር ግን ወደዚህ ስደርስ እ.ኤ.አ. የ2021ዱ ጃንዋሪ 6፣ የተሸናፊው የትራምፕ ደጋፊዎች ቆጠራውን ለማስቆም የኮንግረሱን ሕንፃ የወረሩበት ቀን፣ ይመጣና ያቆመኛል። የትራምፕ ምክትል ማይክ ፔንስ እዚያው መንበር ላይ ሆነው ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቁ፣ የጆርጂያን ውጤት የተቃወመው ሰው የሴናተር ፊርማ በማጣቱ ሲቀመጥ እፎይ ያልኩት እኔው ነኝ። ደንቡ ያው ደንብ ነው። በ2022 ደግሞ ይበልጥ አጠበቁት፤ አሁን ከእያንዳንዱ ምክር ቤት አንድ አምስተኛው ካልፈረመ ክርክር የለም። በጎ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አምናለሁ ስል ግን የጃክሰን ፊት ይመጣል።

ይህችን ሳልናገር አላልፍም፦ በ2000 ከዋሽንግተን ዲሲ ሦስት ወኪል መራጮች አንዷ፣ የዲስትሪክቱ ሕዝብ በኮንግረስ ድምፅ ያለው ተወካይ ስለሌለው በመቃወም ወረቀታቸውን ባዶ ተዉት። ስለዚህ ውጤቱ 271 ለ 266 ሆነ፤ ደምሩት፣ 537 ይመጣል፤ የፍሎሪዳው ልዩነት ቁጥር ራሱ! ምንም ማለት አይደለም፤ አጋጣሚ ነው፤ ግን አንዴ ካያችሁት አይለቃችሁም። የከተማችን ሰው እንኳን የሚፈርምለት፣ ሄዶ የሚለምነው ሴናተርም የለው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ በደንብ አላሰብኩበትም። ሴኔቱ በዚያን ሳምንት ለዴሞክራቶቹና ለሪፐብሊካኖቹ 50 ለ 50 የተከፈለ ነበር፤ እኩል ሲሆን የሚለየው የምክትል ፕሬዚዳንቱ ድምፅ ነው። ክርክሩ ቢከፈትና ሴኔቱ እኩል ለእኩል ቢሆን፣ ጎር በራሳቸው ጉዳይ ላይ ድምፅ ሊሰጡ ነው። ሴናተሮቹን እንዳይፈርሙ የለመኑት ከዚያ ለመሸሽ ይሆን? ወይስ ይህን ጨርሶ አላሰቡትም? በእርሳቸው ቦታ ብሆን እኔ ደግሞ…