አዲሱን ቨርዥን ልግዛ ወይስ ራም ልጨምር?

እሷ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን! ከደብረ ብርሃን ነው። ዛሬ በሰሜን ሸዋ ያሉ ትንንሽ ስቱዲዮዎች ደጋግመው የሚያነሱትን ጥያቄ ይዘናል። የምንሠራበት የሙዚቃ ሶፍትዌር አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ብር እናውጣበት ወይስ በያዝነው እንቀጥል?

እሱ፦ እኔ ከዋጋው አልነሳም። መጀመሪያ የምጠይቀው «የያዝከው ምን አልሠራ አለህ?» ብዬ ነው። ይሄን ለይቶ መናገር ያልቻለ ሰው ለጊዜው ብሩን ይያዘው።

እሷ፦ ብዙዎቹ መልስ አላቸው እኮ። «ድምፁ ይንጣጣል፣ ይቆራረጣል» ይላሉ።

እሱ፦ እሱማ የባፈር ጉዳይ ነው፣ እታለም። ኮምፒውተሩ ድምፁን በቁና በቁና እየሰፈረ ነው ለሳውንድ ካርዱ የሚያቀብለው። ባፈር ማለት ያ ቁና ነው። በ44,100 ሳምፕል ሬት፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ሲለካ፣ ባፈሩን 128 ሳምፕል ብታደርጊው አንዱ ቁና 2.9 ሚሊሰከንድ ይይዛል፤ 1024 ብታደርጊው 23 ሚሊሰከንድ ገደማ። ቁናው ሲያንስ ፕሮሰሰሩ ቶሎ ቶሎ መስፈር አለበት፣ ካልደረሰለት ይንጣጣል። ቁናው ሲተልቅ ደግሞ ዘፋኙ የራሱን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫው ዘግይቶ ይሰማዋል።

እሷ፦ ስለዚህ ሲቀረጽ 128፣ ሚክስ ሲደረግ፣ ማለትም የተቀዱት ድምፆች ሲመጣጠኑ፣ 1024።

እሱ፦ አዎ። ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ ሶፍትዌሩን ከሳውንድ ካርዱ ጋር በቀጥታ የሚያገናኘው የአሲዮ ድራይቨር መመረጡን አረጋግጡ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ሲዞር ኃይል ለመቆጠብ ፕሮሰሰሩን ያቀዘቅዘዋል። ቅድም ደህና ሲሠራ የነበረው ፕሮጀክት ድንገት የሚንጣጣው ለዚህ ነው። ያኔ ቀረጻውን አቁማችሁ ባፈሩን ከፍ አድርጉና ወደ ሚክስ ዙሩ። አዲስ ቨርዥን ይሄን አይፈታውም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ከአሮጌው ይከብዳል። ኤብልተን ላይቭ 12 የሚባለው የሙዚቃ ሶፍትዌር ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል። ማሽናችሁ 4 ጊጋባይት ከሆነ ብሩ ለራምና ለኤስኤስዲ፣ ማለትም ለፈጣኑ ዲስክ፣ ይዋል።

እሷ፦ ስለዋጋው እንነጋገር። «አፕግሬድ» የሚለው ቃል በየሶፍትዌሩ የተለያየ ነገር ነው። ኤፍ ኤል ስቱዲዮን አንዴ በሕጋዊ መንገድ የገዛ ሰው ቀጣዮቹን ቨርዥኖች ዕድሜ ልኩን በነፃ ያገኛል። እዚያ ላይ የሚከፈለው ደረጃ ለማሳደግ ነው። ለምሳሌ ፍሩቲ የሚባለው የታችኛው ደረጃ ድምፅ አይቀርጽም፤ ቢት ብቻ ለሚሠራ ይበቃል፣ ዘፋኝ ለሚቀዳ ግን ፕሮዲውሰር ኤዲሽን ግድ ነው።

እሱ፦ ሎጂክ ፕሮን ለማክ የገዛም በ2024 የወጣውን 11ኛውን ቨርዥን ያለ ክፍያ ነው ያገኘው። ሪፐር በ60 ዶላር የቅናሽ ፈቃድ ይሸጣል፤ 7ኛውን የገዛ እስከ 8.99 ድረስ አይከፍልም። ላይቭና ኩቤዝ ናቸው ትልልቁ ቨርዥን በተቀየረ ቁጥር የሚያስከፍሉት።

እሷ፦ ክፍያው ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያው 60 ዶላር በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ለስሌት እንዲመች ዶላሩን 150 ብር ብንለው 9,000 ብር ነው። በወር ሁለት ዘፈን የሚጨርስ ስቱዲዮ በዓመት ለ24 ሲያካፍለው በዘፈን 375 ብር ይደርስበታል። የመግዣውን ዋጋ ሁሌም እንዲህ በሥራችሁ ብዛት አካፍሉት።

እሱ፦ አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ለእኛ አገር ሙዚቀኛ የእውነት ብር የሚያስወጣ ለውጥ ካለ ቅኝት ነው። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን በክራር የቃኘ ሰው ሁሉም ክር ከፒያኖው ቁልፍ ጋር እኩል እንደማይወድቅ ያውቃል። ኪቦርዱን ከላይ ስትደርቢበት ይጣላሉ። ላይቭ በ2024 በ12ኛው ቨርዥን የራሳችንን ቅኝት የምንጭንበትን መንገድ አመጣ።

እሷ፦ እስቲ አሠራሩን አሳያቸው።

እሱ፦ ክራሩ ከተቃኘ በኋላ እያንዳንዱን ክር ለብቻው ምቱና የስልኩ ቱነር በስንት ሴንት ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ ጻፉ። አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። ሦስተኛው ክር፣ ማለትም «ሚ»፣ 20 ሴንት ዝቅ ብሏል እንበል። ከዚያ ኖትፓድ ላይ የስካላ ፋይል ትጽፋላችሁ፤ ላይቭ የሚያነበው የቅኝት ጽሑፍ ፋይል ነው። በመጀመሪያው መስመር የቅኝቱ ስም፣ በሁለተኛው 12 ቁጥር፣ ከዚያ 12 መስመር፦ 100.0፣ 200.0፣ 300.0 እያለ እስከ 1200.0። አራተኛው ላይ በ400.0 ፋንታ 380.0 ታደርጋላችሁ።

እሷ፦ ነጥቧ እንዳትረሳ!

እሱ፦ በጭራሽ! ነጥብ የሌለው 380 ሴንት መሆኑ ይቀርና የ380 እጥፍ ንጽጽር ሆኖ ይነበባል፣ ድምፁ ጆሮ ከሚሰማው በላይ ይወጣል። ሌላው ስህተት ትዝታ አምስት ድምፅ ነውና አምስት መስመር ልጻፍ ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ ኦክታቩ በአምስተኛው ቁልፍ ላይ ይወድቅና እጃችሁ የለመደው ቦታ ሁሉ ይጠፋል። 12ቱንም ጻፉ፣ የተለየውን ብቻ ቀይሩ።

እሷ፦ ከውጭ የተጫኑ ፕላጊኖችስ፣ ማለትም ተጨማሪ የመሣሪያ ድምፆች፣ ለዚህ ቅኝት ይታዘዛሉ?

እሱ፦ ኤምፒኢ የሚቀበሉት ብቻ፤ እያንዳንዱን ኖታ ለብቻው ከፍና ዝቅ ለማድረግ የሚፈቅድ ዘዴ ነው። የቆየ የክራር ሳምፕል ፕላጊን ላይታዘዝ ይችላል። እውነቱን ለመናገር፣ ሥራችሁ በገና ወይም ክራር ብቻውን መቅዳት ከሆነ ይሄ አያስፈልጋችሁም። የበገናው እንዚራ፣ ከክሩ ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ የሚያወጣውን ያን ንዝረት የሚያድነው ጥሩ ማይክና ጸጥ ያለ ክፍል ነው። አንድ ሁለት ድምፅ ብቻ ለማስተካከልም በያዛችሁት ሳምፕለር፣ ማለትም የተቀዳ ድምፅን በኪቦርድ በሚያጫውተው፣ ያንን ኖታ ለብቻው አውጥታችሁ በፋይን ቱን 20 ሴንት ማውረድ ይቻላል። አድካሚ ነው፣ ግን ነፃ ነው።

እሷ፦ እሺ፣ ወሰኑ እንበል። እንዴት ይሸጋገሩ?

እሱ፦ አሮጌውን አታጥፉ። ላይቭ 11 እና 12 በአንድ ማሽን ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በ12 ሴቭ የተደረገ ፕሮጀክት ግን በ11 አይከፈትም፤ ስለዚህ ፎልደሩን ኮፒ አድርጋችሁ ኮፒውን ክፈቱ። ባለ 32 ቢት የቆዩ ፕላጊኖች ላይቭ ላይ ከ10ኛው ቨርዥን ጀምሮ አይሠሩም። በነሱ የተሠራ ፕሮጀክት ሲከፈት ትራኩ አለ፣ ድምፁ የለም።

እሷ፦ ለዚህ ነው ቀድሞ እያንዳንዱን ትራክ በዌቭ ማውጣት የሚያስፈልገው፤ ሁሉም ከአንደኛው ባር ይጀምር፣ 24 ቢት ይሁን፣ ቴምፖውና ቅኝቱ በፎልደሩ ስም ላይ ይጻፍ። አንድ ሞኖ ትራክ በደቂቃ 8 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ባለ 30 ትራክ ዘፈን 1.2 ጊጋባይት ይሆናል። ስቴሪዮ ከሆነ እጥፉ።

እሱ፦ ከመክፈል በፊት ሙከራውን ተጠቀሙ። ላይቭ 30 ቀን፣ ሪፐር 60 ቀን ይፈቅዳሉ። የኤፍ ኤል ሙከራ የቀን ገደብ የለውም፣ ግን ሴቭ ያደረጋችሁትን ፕሮጀክት ካልገዛችሁ መልሶ አይከፍተውም፤ የደንበኛ ሥራ አትጀምሩበት። ኢንተርኔታችሁንም አስቡ፤ የላይቭ ስዊት ድምፆች ሙሉ ለሙሉ ከወረዱ ከ70 ጊጋባይት በላይ ናቸው። ዋናውን ፕሮግራም ብቻ አውርዱ።

እሷ፦ ጊዜውስ?

እሱ፦ የሠርግ ዘፈን የሚሠራ ስቱዲዮ ከጥር በፊት እንዳይነካካ፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ፋታ አለው። የበገና መዝሙር የሚሠራ ግን ጾሙ የሥራው ወቅት ነው፣ እሱ ክረምቱን ይጠብቅ።

እሷ፦ ሙከራውን ስትጀምሩ ያለቀ አንድ ዘፈን ኮፒ ክፈቱበት። በአሮጌውና በአዲሱ በተመሳሳይ ባፈር አጫውቱና የፕሮሰሰር መለኪያውን ጎን ለጎን እዩ። አዲሱ ላይ ከ80 በመቶ በላይ የሚሄድ ከሆነ ግዢውን አቆዩት።