ባሌስትራው ይታይ

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንኳን ከውዳቂ ብረት ቅርጽ ለምንሠራው ለእኛ ዓመታዊ ስብሰባ በሰላም መጣችሁ! ደብረ ብርሃን ናትና ጋቢ የደረባችሁ አታውልቁ። እኔም ካፖርቱን የደረብኩት ሊቀመንበር ለመምሰል አይደለም።

ያችን በጌን አብዛኞቻችሁ ታውቋታላችሁ። የመንዝ በግ ናት። ፀጉሯ የሞተር ሳይክል ካቴና ነው፤ እየጠቀለልኩ አንድ በአንድ የበየድኩት። ጉልበቷ ኩሽኔታ፣ ጀርባዋ የኤንትሬ ጭነት መኪና ባሌስትራ፣ ያ ከሥር ሸክሙን የሚችለው ተደራራቢ የብረት ሞላ። ሁሉንም ከቁራሌዎች በኪሎ የገዛሁት ነው።

ጋራዡ በር ላይ አቁሜያት ሳለ አንድ ጡረታ የወጡ ሹፌር መጡ። በጓን ከቁም ነገርም አልቆጠሯት። በቀጥታ ባሌስትራውን ዳሰሱና «ልጄ፣ ይቺ እኮ ጣርማበርን ስንቴ ወጥታዋለች!» አሉኝ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው የደሴን መንገድ ሲያጫውቱኝ ዋሉ። ብየዳዬን ያደነቀ ሰው ብዙ ነው። እንደ እሳቸው ያስደሰተኝ ግን የለም።

ቆይቶ በጓን አንድ መሥሪያ ቤት ገዛት። ስሙ ይቅር። ከወር በኋላ ልጠይቃት ብሄድ ከቀንዷ እስከ ሰኮናዋ ብርማ ቀለም ለቅልቀዋታል! «እንድታምር ብለን ነው» አሉኝ። ካቴናው የለ፣ ኩሽኔታው የለ። ጥርሴን ነክሼ ተመለስኩ።

ለነገሩ እነሱን ብቻ ምን ልውቀስ? እኛስ? ቁርጥራጭ መሆኑ እንዳይታወቅብን ስቱኮ ሞልተን፣ አሸተን፣ ቀብተን አይደል የምናስረክበው? እፍረቱ የቆየ ነው። ብረት ሠሪን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያሉ መስደብ ያልነበረበት ሰፈር የለም። እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ አንጎለላ የተወለዱት አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ ሙያን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነግረዋል። እኛ ግን ዛሬም ቀለም ውስጥ እንደበቃለን።

አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ቶም ኤቭሪ የሚባል ሰው ነበር። እንጀራው ያረጀ ፋብሪካ እያፈረሰ ብረቱን መሸጥ ነበር። በኋላ ግን አላስችል ሲለው ማቅለጫ የሚገባውን ብረት እየሰበሰበ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ሜዳ ላይ አንድ ግዙፍ ቅርጽ መገጣጠም ጀመረ። ፎርኤቨርትሮን ይባላል። ክብደቱ ወደ 300 ቶን ይጠጋል። ሄዶ ያየ ሰው የትኛው ዳይናሞ፣ የትኛው ቧንቧ እንደነበር ይለያል። አልደበቀውማ!

«ታዲያ ቀለም ያልተቀባውን ብረት ክረምቱ አይበላውም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ይበላዋል። ለዚህ ቀለም የሌለው ቫርኒሽ አለ። ከሆዱ ሥር ደግሞ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ተዉለት፤ አብዛኛው ሥራችን የሚበሰብሰው ከውስጥ ነው። ከመሬቱ ጋር ሳይሆን ኮንክሪት ላይ ይቁም። አደራ ደግሞ፣ የመኪናን ንዝረት የሚያበርደው አሞርዛተር ላይ እሳት እንዳታስጠጉ። ውስጡ ዘይትና ጋዝ ታምቋል፤ ይፈነዳል። ይህን በየዓመቱ እላለሁ፣ በየዓመቱም አንድ ሰው ይስቃል።

ዘንድሮ ለስብሰባው ያመጣችኋቸው ሥራዎች ግቢው ውስጥ ተደርድረዋል። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እስከ ከሰዓት ድረስ ማንም ቀለም እንዳይነካቸው። መናኸሪያ ያሉትን አንጋፋ ሹፌሮች ለሻይ ጋብዘናቸዋል። የቱ ብረት የምን መኪና እንደነበር እነሱ ይንገሩን።

አሁን ገንዘብ ያዣችን ሪፖርቱን ያቅርብልን። አጠር አድርገው፣ ብርዱ አይቻልም።