በአንድ ደረጃ የምንወጣ ጎረቤቶች

(ሮተርዳም ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተከራዮች ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር)

ጤና ይስጥልኝ እናቶች፣ አባቶች፣ እህት ወንድሞቼ። በእረፍት ቀናችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ልጆቹ እዚያ ጥግ ይጫወቱ፣ ተዉአቸው፤ እኔ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ።

የማወራው ስለ ቤት ነው። እዚህ ያለነው አብዛኞቻችን ከማስ ወንዝ በስተደቡብ በኪራይ ቤት እንኖራለን። አንዳንዳችን ከስደተኞች ካምፕ ስንወጣ ማዘጋጃ ቤቱ መድቦልን ገባን። ሌሎቻችን ተመዝግበን ዓመታት ጠበቅን፣ እስኪደርሰንም ዘመድ ቤት ሶፋ ላይ ከረምን። ቁልፍ የተቀበልን ቀን ታዲያ ሁሉ ነገር ያለቀ ይመስለናል። በር ዘግተን ተመስገን እንላለን። ከዚያ ቀን በኋላ ስለዚያ ቤት የሚወሰነው ነገር፣ እድሳቱም፣ ይፍረስ አይፍረስ የሚለውም፣ እኛ በሌለንበት ይወሰናል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

እኔ ያለሁት አፍሪካንደርዋይክ ነው። የረቡዕና የቅዳሜ ገበያችንን የማያውቅ እዚህ ያለ አይመስለኝም። ሻጩ ቱርክ ነው፣ ፊቱ ቆማ ዓሣ የምታስመዝነው ኬፕ ቨርዳዊት ናት፣ ከኋላዋ የሱሪናም አዛውንት ተራቸውን ይጠብቃሉ። ደስ የሚል ሰፈር ነው። ግን እንዲህ ሆኖ አልተወለደም፣ ታሪኩን ማወቅ አለብን። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።

በ1972 ነሐሴ ላይ እዚሁ ሰፈር ረብሻ ተነሳ። የሆላንድ ተወላጆች የቱርክ ሠራተኞች የሚያድሩባቸውን ቤቶች ሰበሩ፣ አልጋና ፍራሹን በመስኮት ወረወሩ። ለቀናት ቆየ። መነሻው የአንድ ቱርክ አከራይና የአንዲት ሆላንዳዊት ተከራይ ጠብ ነበር። ሥሩ ግን የቤት እጦት ነው። ቤቶቹ አርጅተዋል፣ ለድሃው ሆላንዳዊ አልበቁም፣ ባለቤቶቹ ደግሞ በየክፍሉ አልጋ ደርድረው ከስደተኛው ገንዘብ ይሰበስባሉ። ሁለት የተቸገሩ ወገኖች እርስ በርስ ተያያዙ። ማዘጋጃ ቤቱስ ምን አደረገ? በየሰፈሩ የውጭ ሰው ከ5 በመቶ አይበልጥ የሚል ደንብ አወጣ። ደንቡ በ1974 ተሻረ።

ሐሳቡ ግን አልሞተም። በ2006 ሰው ሁሉ «የሮተርዳም ሕግ» የሚለው ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። በተመረጡ ሰፈሮች፣ በሮተርዳም አካባቢ 6 ዓመት ያልኖረና ከሥራ የሚያገኘው ገቢ የሌለው ሰው ቤት እንዳይከራይ መከልከል ተቻለ። ታርቬዋይክ በሚባለው የደቡብ ሮተርዳም ሰፈር አንዲት ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ እናት እዚያው ሰፈሯ ውስጥ የተሻለ ቤት አገኘች፤ የመከራየት ፈቃድ ተከለከለች። ጉዳዩ ስትራስቡርግ እስካለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2017 ፍርዱ ሲሰጥ 12 ዳኞች ለመንግሥት፣ 5 ዳኞች ለእሷ ፈረዱ። ተሸነፈች። እኔ እስከ ዛሬ አምስቱ ዳኞች ልክ ናቸው እላለሁ። ድህነት ሰው ከሰፈር የሚባረርበት ጥፋት አይደለም።

ደግሞ 2016ን አስታውሱ። ከተማው እስከ 2030 ርካሽ ቤቶችን በ20,000 ለመቀነስ አቀደ። ነዋሪዎች ፊርማ አሰባስበው ሕዝበ ውሳኔ አስጠሩ። ከመረጠው ሰው አብዛኛው እቅዱን አንፈልግም አለ። ግን ለመምረጥ የወጣው 17 በመቶ ገደማ ነው፤ ሕጉ የሚጠይቀው 30 በመቶ ነበር። ስለዚህ ውጤቱ ዋጋ አጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከቤቴ በእግር በሚደረስበት ትዌቦስቡርት በሚባል ሰፈር ከ500 በላይ ሶሻል ቤቶች፣ ማለትም ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው በርካሽ የሚከራዩ ቤቶች፣ እንደሚፈርሱ ለነዋሪዎቹ ተነገራቸው። ነዋሪዎቹ ተከራከሩ፣ ፍርድ ቤት ሄዱ፣ በ2021 የተባበሩት መንግሥታት የመብት ባለሙያዎች ሳይቀሩ ለሆላንድ መንግሥት ደብዳቤ ጻፉ። ቤቶቹ ፈረሱ። እዚያ የሚሠራው አዲስ ቤት ውስጥ ሶሻል የሚሆነው ከፈረሰው በጣም ያነሰ ነው። ልደታ ወይም ካዛንቺስ ያደገ ሰው ይሄን ሲሰማ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። ሌላ ቤት ይሰጥሃል፤ ስትታመም ሾርባ ይዛ የምትመጣውን ጎረቤት ግን ማንም አይመልስልህም።

ይሄን ሁሉ የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም። ተቃራኒውም ተሠርቷል፣ ያውም በዚችው ከተማ። ያ 5 በመቶ የሚለው ደንብ በተሻረበት በ1974፣ አዲሱ የከተማ አስተዳደር አሮጌ ሰፈሮችን ለሰፈሩ ሰው ብሎ ማደስ ጀመረ። በየሰፈሩ የፕሮጀክት ቡድን ተቋቋመ፤ በቡድኑ ውስጥ የነዋሪዎች ድምፅ ከባለሙያዎቹ ይበልጥ ነበር። ቤቱ የሚታደሰው እዚያው ለሚኖረው ሰው፣ እሱ በሚችለው ኪራይ ነው ተባለ። ይሄ ዝም ብሎ ከላይ የወረደ ቸርነት አልነበረም። የየሰፈሩ ሰዎች ኮሚቴ አቋቁመው፣ ሰልፍ ወጥተው፣ ስብሰባ ላይ ተጨቃጭቀው ያመጡት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። እኛ ሀበሾች መደራጀት አናውቅም የሚለኝ ሰው ካለ አልቀበለውም። ሰው ሲሞትብን ሬሳ አገር ቤት ለመላክ ገንዘቡ በቀናት ውስጥ ይሰበሰባል። ለቅሶ ቤት ወንበሩ፣ ምግቡ፣ ቡናው ማን እንደሚያመጣው ሳይነገር ይመጣል። እድር ከአገራችን ይዘነው የመጣን ነገር ነው። የቤት ነገር ሲሆን ግን እያንዳንዱ በሩን ዘግቶ ብቻውን ይጨነቃል። ደብዳቤ ሲመጣ ለሌላ ሀበሻ ይደውላል፣ ያ ሀበሻ የሚኖረው ደግሞ ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ኮርፖሬሽን (ሶሻል ቤት የሚያከራይ ድርጅት) ቤት ነው። ፊት ለፊት ካለው በር ጀርባ ያው ደብዳቤ የደረሰው ሰው ተቀምጧል።

ሕጉን እንይ። አከራይ 10 ወይም ከዚያ በላይ ቤቶችን አንድ ላይ ሊያድስ ሲፈልግ፣ 70 በመቶው ተከራይ ከተስማማ እቅዱ ምክንያታዊ ነው ተብሎ ይወሰዳል። ያልተስማማ ሰው ይሄ በጽሑፍ ከተነገረው በኋላ በ8 ሳምንት ውስጥ ፍርድ ቤት ካልሄደ አለቀለት። ልብ በሉ፣ 70 በመቶው የሚቆጠረው በህንጻ ነው። የሀበሻ 70 በመቶ፣ የቱርክ 70 በመቶ የሚባል ነገር የለም። በአንድ ደረጃ የምትወጡት ሰዎች ናቸው የእናንተ ድምፅ።

እኛ ህንጻ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። የልጆቼ መኝታ ክፍል ጥግ ሻጋታ አወጣ። ለአከራዩ ደወልኩ፤ መስኮት ክፈቱ፣ ልብስ ቤት ውስጥ አታድርቁ ተባልኩ። እኔም ጥፋቱ የኔ መስሎኝ በክረምት መስኮት ከፍቼ ማሞቂያ አበራለሁ። አንድ ቀን ታችኛው ፎቅ ያለችው ኬፕ ቨርዳዊት ጎረቤቴ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ስልኳን አሳየችኝ። ያው ጥግ፣ ያው ጥቁር ነገር፣ ከታች ወደ ላይ እየወጣ። አብረን ሦስተኛ ፎቅ ያሉትን ሆላንዳዊ አዛውንት አንኳኳን። ክላሰር ይዘው ወጡ፤ ስለዚያው ግድግዳ ለዓመታት የጻፏቸው ደብዳቤዎች በቀን በቀኑ ታስረዋል። ለሁላችንም ለየብቻ «መስኮት ክፈቱ» ተብሎ ነበር። አንድ ደብዳቤ ጽፈን ሁላችንም ፈረምንበት፣ ፎቶዎቹንም አያያዝን። ባለሙያ መጣ፣ ግድግዳውን በመሣሪያ ለካ፣ ውሃው የሚገባው ከውጭ ነው አለ። ከዚያ በኋላ ነው የተጠገነው።

ለማንኛውም ማወቅ ያለባችሁ፣ ጉድለት ስታዩ በስልክ ብቻ አትናገሩ። ጻፉ፣ ቅጂውን አስቀምጡ። በ6 ሳምንት ካልተጠገነ ሂዩርኮሚሲ ወደሚባለው የኪራይ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መሄድ ይቻላል። ተከራይ የሚከፍለው 25 ዩሮ ነው፤ ጉድለቱ ከባድ ከሆነ እስኪጠገን ድረስ ኪራዩ እንዲቀንስ ሊወስን ይችላል። ቤታችሁ የሚፈርስ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ በሕግ የተወሰነ የመልቀቂያ ገንዘብ አለ፣ ከ7,000 ዩሮ በላይ ነው። ሳታስነብቡ ምንም ወረቀት ላይ አትፈርሙ።

«ካማረርኩ ቤቴን ይነጥቁኛል» የምትሉ አላችሁ፣ በተለይ እናቶች። ፍርሃቱን አውቀዋለሁ፣ ያመጣነው ከሩቅ ነው። እዚህ አገር ግን እናንተ ካልተስማማችሁ ውላችሁን ሊያቋርጥ የሚችለው ዳኛ ብቻ ነው። ጥገና መጠየቅም ውል የሚያስፈርስ ምክንያት አይደለም።

ቋንቋው ያስቸግራል፣ እሺ። ግን እባካችሁ የአሥር ዓመት ልጅ የቤት ደብዳቤ እንዲያነብላችሁ አታድርጉ። እናቱ ቤቷን ልታጣ እንደምትችል ልጁ ራሱ አንብቦ ሲነግራት አስቡት። ያን ልጅ ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አይወስደውም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ደች አቀላጥፈው የሚናገሩ ወጣቶች አሉ፣ አያቸዋለሁ፣ እየሸሻችሁኝ ነው! በወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስጡን።

ከተለያየ ሰው ጋር መኖር ሁሌ ቀላል ነው አልልም። ደረጃው ሳይጠረግ ይከርማል፣ የቆሻሻ ኮንቴነር ሥር ሶፋ የሚጥል አለ፣ ሙዚቃው አለ። እኛም ክርስትና ስናወጣ እስከ እኩለ ሌሊት እንቆያለን፣ ሕዝቡ ደረጃ ለደረጃ ይተራመሳል። ከሦስት ቀን በፊት አንኳኩታችሁ ንገሩ፣ በማግሥቱ ከዳቦው ላኩ። ዳቦ በልቶ ስምህን የሚያውቅ ሰው፣ ቅር ሲለው መጀመሪያ አንተኑ ያናግርሃል እንጂ ፖሊስ አይጠራም።

የነዋሪዎች ኮሚቴ ማቋቋም ከባድ አይደለም። ሕግ የሚያውቀው ነገር ነው፤ አከራዩ መረጃ የመስጠትና የማማከር ግዴታ አለበት። ህንጻችሁ ኮሚቴ ካለው ግቡ፣ ከሌለው ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ጀምሩ። ሰብሳቢው ቱርክ ይሁን፣ ጸሐፊዋ ፖላንዳዊት ትሁን፣ ምንም አይደለም። እናንተ ብቻ ወንበሩ ላይ ተገኙ።

ቡናው እየደረሰ ነው። እኔ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ። ደብዳቤ ይዛችሁ የመጣችሁ አምጡትና አብረን እናንብብ። ያልያዛችሁ ደግሞ የመንገዳችሁን ስምና የቤት ቁጥራችሁን ወረቀቱ ላይ ጻፉልኝ፤ ከመካከላችን አንድ ህንጻ ላይ የሚኖሩ ካሉ ዛሬውኑ አገናኛችኋለሁ።